ሰፊ በር

ጥቅምት 4
ጠዋት ጭጋግ። ወንዙ አይታይም፣ ድምፁ ብቻ። ግንቡን በሦስት ሰዓት ከፈትኩ። መቶ አሥራ ሁለቱን ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ምንም አላለም። ተመስገን።

አሥራ አንድ ጎብኚ። አንድ ወፍራም ሰውዬ ሰባኛው ደረጃ ላይ ዘፍ ብሎ ቁጭ አለና «የቀረውን እዚሁ ይንገሩኝ» አለኝ። ነገርኩት። ከላይ የሚታየውን ሁሉ... ባለ ሦስት ቅስቱን ድልድይ፣ ድሮ ቆዳ ይለፋበት የነበረውን ቤት፣ ሴቶች ልብስ ያጥቡበት የነበረውን የድንጋይ ደረጃ፣ ወንዙ በሞላ ቁጥር ግድግዳው ላይ የተጫረውን ምልክት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ። ሲሄድ «ጥሩ እይታ ነበር» አለ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ግንብ ስጠብቅ እንዲህ ያለ ሰው አልገጠመኝም።

ይኼ የምጽፍበት ደብተር የእሷ ነው፣ የሟች ባለቤቴ። ልብስ ሰፊ ነበረች። ከፊት ያለው የደንበኞቿ ልክ ነው... ደረት፣ ወገብ፣ እጅጌ። እኔ ከኋላ ነው የጀመርኩት። የእሷን አልገልጥም። ጽሕፈቷ እንደ ክር የተያያዘ ነው፣ ለእኔ አይነበብም። ሰበብ ነው እንጂ... በአርባ ሁለት ዓመቴ ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ አይደለችም እንዴ? በልብስ ሰፊ ጠመኔ፣ በጥቁር ጨርቅ ላይ።

ጥቅምት 7
የማዘጋጃ ቤቷ ልጅ መጣች። በልቤ «መነጽሯ» ነው የምላት። ጨዋ ልጅ ናት፣ ግን ወረቀት ታበዛለች። በየታሪካዊ ቦታው አዲስ ሰሌዳ ሊሰቀል ነው። የሚጻፈውን አነበበችልኝ። ማማው፣ ደህና። ድልድዩ፣ ደህና። አራተኛው ላይ፣ በወንዙ በኩል ያለው ትንሹ በር...

«ሰፊ በር» አለች። ፊውን ጠበቅ አድርጋ።

«ላላ አድርጊው፣ ልጄ።»

«ምኑን አባባ?»

«ፊውን። ስፋት አይደለም፣ ልብስ ሰፊ ነው። አናጢ ሰፈር አይባልም? እንደዚያ።»

«የድሮው ካርታ እኮ ሰፊ በር ነው የሚለው። ልብስ የሚል የለበትም።»

«ስፋቱን አይተሽዋል?»

«ድሮ ሰፊ ነበር ይሆናል። በኋላ ጠቦ...»

«ሹራብ ነው እንዴ ሲታጠብ የሚጠበው?»

ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ «የልብስ ሰፊውን ታሪክ የት አነበቡት አባባ?» አለችኝ።

ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ መልሼ ከተትኩት።

ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ ሰሌዳው ላይ ያለውን ብቻ ነው የምናገረው። አለቃዋ እንዲህ ብሏል። «ካልሆነ ቁልፉን ለሌላ...» ብላ አልጨረሰችውም። እኔ ጨረስኩት፣ በልቤ።

ጥቅምት 8
የት አነበብኩት? አላነበብኩትማ። ሥራ ስይዝ የቀድሞው ጠባቂ አራት ገጽ ወረቀት ትቶልኝ ሄደ። ያኔ ፊደል አላውቅም። እሷ እያነበበችልኝ በቃሌ ያዝኩት። ወረቀቱን ያ ትልቁ ጎርፍ ወሰደው።

ታሪኩ ይኼ ነው። ጠላት በወንዙ መጣ። ግንቡ ውስጥ ያለው ሠላሳ ወታደር ብቻ። በትንሹ በር አጠገብ የሚኖር ልብስ ሰፊ ሁለት መቶ የወታደር ልብስ ሰፋ፣ ገለባ ጠቀጠቀበት፣ ግንቡ ላይ ደረደረው። ጠላት ቢቆጥር በዛበት። በመጣበት ተመለሰ። በሩ በልብስ ሰፊው ተጠራ። ጎብኚ ሁሉ የሚወደው ይኼን ነው።

ግን... ልብስ ሰፊ? ከሙያ ሁሉ ልብስ ሰፊ? ስታነብልኝ ፈገግ ትል ነበር። ለእኔ ነው የምትስቀው ብዬ ነበር የያዝኩት። በእኔ ቢሆንስ?

ጥቅምት 9
ልጄ ምሳ ይዛልኝ መጣች። እንደ ዋዛ ጠየቅኳት።

«እናትሽ ስታነብ ከራሷ ትጨምር ነበር?»

«እማዬ? ኧረ አባዬ! ለእኔ ስታነብልኝ መጽሐፉ ውስጥ ሁሌ አንዲት ልብስ ሰፊ አትጠፋም። ንጉሡ ቢታመም ልብስ ሰፊዋ ታድነዋለች። ዘንዶ ቢመጣ በመርፌ ትወጋዋለች። ትምህርት ቤት ገብቼ ራሴ ሳነበው፣ የለችም!»

ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ምሳውን ግን ሳልጨርስ ከደንኩት።

ሃያ ዘጠኝ ዓመት። ስንት ሺህ ሰው ፊት ደረቴን ነፍቼ... ውሸታም ነኝ ማለት ነው? እሷስ? ያኔ ማንበብ የማይችል ባሏ ላይ ቀለደች? ቁልፉን ይውሰዱት ግድ የለኝም። እሱ አይደለም የቆረቆረኝ።

ጥቅምት 11
አልከፈትኩም። ጉልበቴን አመመኝ ብዬ ላክሁ። ጉልበቴ ደህና ነው።

ጥቅምት 13
እፎይ... ከየት ልጀምር?

ግንበኛው ሰሌዳውን ሊሰቅል መጣ። የልጅነት ጓደኛዬ ነው፣ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ የሚደርስ። መነጽሯም አብራው። በሩን መክፈት ስላለብኝ የግዴን ሄድኩ። ግንበኛው በትንሹ በር ሊያልፍ ሲል ተሰነቀረ።

«ይኼን ሰፊ ያለው ማነው?» ጮኸ።

«እሷን ጠይቃት።»

«ልጄ፣ ይኼ ሰፊ ከሆነ እኔ ሸንበቆ ነኝ!»

ገፍቼ አስወጣሁት። ሜትሩን ዘረጋ። ሃምሳ አምስት ሳንቲ ሜትር። መነጽሯ ጻፈች። «ምናልባት ኋላ በግንብ ተደፍኖ ይሆን የጠበበው?» አለች። እልኸኛ ናት። እኔኑ መሰለችኝ። ግንበኛው የበሩ ማጠፊያ የገባበትን ቀዳዳ አሳያት። «ይኸው፣ ቦታው ላይ ነው። ማንም አልነካውም። ሲወለድም ጠባብ ነው።»

ደስ አላለኝም። ጠባብ መሆኑ ብቻውን የልብስ ሰፊ አያደርገውማ።

ብሎኑን ሊያስገባ ከቅስቱ በላይ ያለውን ልስን በመሮ መታ መታ አደረገው። የሳህን ያህል ልስን ተገምሶ ወደቀ። ከሥሩ ድንጋይ። ድንጋዩ ላይ የተቀረጸ ነገር።

«ኧረ ቆይ» አለ። በብሩሽ ጠረገው።

መቀስ።

አፉን የከፈተ መቀስ። አጠገቡ መርፌ። ከመርፌው ዓይን የወጣው ክር እየተጠማዘዘ እስከ ድንጋዩ ጫፍ ይሄዳል። ስንት ዘመን በሥሩ አልፌያለሁ...

መነጽሯ መነጽሯን አወለቀች። ጠረገች። መልሳ አደረገች።

«ላላ ነው፣ አባባ» አለች። «ላላ ነው።»

በሩ ሥር ቁጭ አልኩ።

«ምን ሆንክ አንተ ግትር? አቧራ ገባብህ?» አለኝ ግንበኛው።

አዎ አልኩት። አቧራ ነው።

ጥቅምት 14
እስኪነጋ አልነቃሁም። ሁለት ዳቦ በላሁ። ጢሜን ተላጨሁ። ለልጄ ደወልኩላት። «እማዬ አንዴ እንኳ እንዳለ አንብባለች ማለት ነው?» አለች። በስልክ ተሳሳቅን። ወሬው አለቀ። ስልኩን ግን የዘጋ የለም።

ጥቅምት 15
ከፈትኩ። ደረጃዎቹ ያነሱ መሰለኝ። ቆጠርኩ። መቶ አሥራ ሁለት።

ጥቅምት 18
መነጽሯ ቢሮ አስጠራችኝ። ሰሌዳው እንደገና ሊጻፍ ነው።

«ሰው እንደ እኔ እንዳይሳሳት ምን እናድርግ አባባ?»

«ልብስ ጨምሪበት።»

«እርስዎ ይጻፉልኝ። በእጅዎ።»

እስክሪብቶ ሰጠችኝ። በሰው ፊት ጽፌ አላውቅም። ፊርማዬን እንኳ ጀርባዬን አዙሬ ነው የምፈርመው። ል... ብ... ቆምኩ። ልትነግረኝ አፏን ስትከፍት «አውቃለሁ!» አልኳት። «በእሳቱ ሰ ነው።»

ባለቤቴ ያስተማረችኝ ትዝ አለኝ። «ንጉሥ ቢለብሰውም ልብስ በንጉሡ ሠ አይጻፍም፣ በእሳቱ ነው» ትለኝ ነበር። ጻፍኩት። ትንሽ ወደ ላይ ተንጋደደ። ይሁን።

«የገለባ ወታደሮቹስ?» አለችኝ። «መቀሱ ስለ ገለባ አይናገርም እኮ።»

እውነቷን ነው። ግትር ነኝ እንጂ ደንቆሮ አይደለሁም። «ይባላል እያልኩ እናገረዋለሁ» አልኳት። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ይባላል ብዬ አላውቅም። ከአፌ ሲወጣ ግን አልከበደኝም።

ስነሳ ቁልፉን አውጥቼ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩ።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ከፈለጋችሁት ብዬ።»

«ኧረ በሉ ያዙት አባባ! ያንን ደረጃ ማን ይወጣዋል?»

መልሼ ኪሴ ከተትኩት። ሳልጣደፍ። ደስታዬ እንዳይታይብኝ።

ኅዳር 2
ሰሌዳው ተሰቀለ። መቀሱን እንዳይሸፍን ወደ ጎን ተደርጎ። «ልብስ ሰፊ በር» ይላል። ጠዋት አንድ ባልና ሚስት መጡ። ሚስትየዋ ጮክ ብላ አነበበችው። ላላ አድርጋ፣ ሳትደናቀፍ።

«ምን ሠርቶ ነው ልብስ ሰፊው?» አለኝ ባልየው።

«ሁለት መቶ የገለባ ወታደር ሰፍቶ ጠላት መለሰ» አልኩ። «ይባላል» ብዬ ጨመርኩበት።

ሚስትየዋ ፈገግ አለች። እኔም።

ዘግቼ ቤት ስገባ ፀሐይዋ ገና አልወረደችም። መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። ደብተሩን ከፊት ገለጥኩት። ቀስ እያልኩ፣ በጣቴ እየተከተልኩ። ይነበባል! «የዳኛው ሚስት፣ ወገብ 94፣ 88 ብለሽ ጻፊ ትላለች።» «ዳቦ ጋጋሪው፣ ቀኝ እጅጌ 61፣ ግራው ይበልጣል።» ለብቻዬ ሳቅኩ። ታዲያ ይኼን ሁሉ ዓመት ምን ፈርቼ ነው?

ዘጠነኛው ገጽ ላይ ስም የሌለው ልክ አለ።

«የኔ ግትር። ትከሻ 46። ደረት 98። ሲለካ ትንፋሹን ይይዛል፣ ሁለት ጣት ልጨምርለት።»

ደግሜ አነበብኩት። ሦስተኛውን ስጨርስ ነው የነቃሁት... ትንፋሼን ይዣለሁ።

ለቀቅኩት።