ባለቤቴ ጢሙን ራሱ ይላጫል ስለመባሉ

ለአረጋውያን የቀን መዋያ ማዕከል ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ጥር 14

ጉዳዩ፦ የባለቤቴ ምዘና እንዲታረምልኝና ተንከባካቢዋ እንድትቀየር ስለመጠየቅ

1. ባለቤቴ ጡረታ የወጣ ጸጉር አስተካካይ ነው። የመርሳት ሕመም ከያዘው ወዲህ ቀን ቀን በማዕከላችሁ ይውላል። ለምዘናው ምን እንደሚችልና እንደማይችል ስጠየቅ «ጢሙን መላጨት አይችልም» ብያለሁ። ተንከባካቢያችሁ ግን «ያለ ማንም እርዳታ ይላጫል» አለች። ጽሕፈት ቤቱም የእሷን አምኖ የእኔን «የተጋነነ» አለው። ዕድሜዬን ሙሉ አብሬው ኖሬ፣ ከእኔ ይልቅ ትናንት የመጣች ታውቀዋለች?

2. ላጣራ ማዕከሉ ድረስ መጥቼ በመስኮት አየሁ። እውነትም ተላጨ፤ እንደ ድሮው ጉንጩን ወጠር አድርጎ፣ የደም ጠብታ ሳይወጣው። እሷ ከጎኑ ቆማ «ጎሽ ጋሼ» ትለዋለች። ሲጨርስ ማበጠሪያውን አንስቶ የእሷን ጸጉር አበጠረላት። ክቡር ኃላፊ፣ የእኔን አንድ ቀን ነክቶት አያውቅም፤ «ቤት ደግሞ ሥራ አታምጪብኝ» ነበር የሚለኝ። ምን ይደበቃል፣ በቅናት አረርኩ።

3. እንዴት እንዳደረገችው ጠየቅኳት። እኔ ሁልጊዜ ወንበር ላይ አስቀምጬ ነው የምላጨው። በእሱ ሙያ የተቀመጠ ሰው ደንበኛ ነውና አገጩን ቀና አድርጎ ይጠብቀኛል፤ እኔም አይችልም አልኩ። እሷ ለካ መስተዋት ፊት ታቆመዋለች። ቤት ወስጄ እንደ እሷ አቆምኩት። ምላጩን ያዘ፣ አየኝ፣ መለሰልኝና ሄዶ ተቀመጠ። ስለዚህ የሰጠሁት መልስ ለቤቴ ትክክል ነው።

4. በማግስቱ ቤት ለምን እንደማይላጭ እሷ ጠይቃው የመለሰላትን ነገረችኝ፤ ምነው ባልነገረችኝ። «እቤት ያሉት ሴትዮ እኔን መላጨት ደስ ይላቸዋል፤ ራሴ ከሠራሁት ይከፋቸዋል» ብሏታል። ስሜን ረስቷል። እንደሚከፋኝ ግን አልረሳም።

ስለዚህ ምዘናው «በማዕከሉ ይላጫል፣ በቤቱ አይላጭም» ተብሎ እንዲታረምልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ተንከባካቢዋ ትቀየር ያልኩትን ትቼዋለሁ፤ ወድጄ ግን አይደለም። አንድ ቀን ቤቴ ድረስ ትላክልኝ። እንደማይከፋኝ እሷ ትንገርልኝ፤ እኔን አያምነኝም።

ከቅሬታም ከአክብሮትም ሰላምታ ጋር
(ፊርማ)
የጸጉር አስተካካዩ ባለቤት