የተባረሩት ክብርት አምባሳደር የሕይወት ታሪክ

የመጣችሁልን ዘመዶች፣ ወዳጆችና ጎረቤቶች፣ እስቲ አረፍ በሉ። ከበሩ አጠገብ የቆማችሁም ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ፤ ወንበር ያልደረሳችሁ ግድግዳውን ተደገፉ። የምናነበው ረጅም አይደለም። እህታችን ከሥራቸው እንዴት እንደወጡ ብዙ ተወርቷል። አንዱ በጡረታ ይላል፣ ሌላው በሕመም ይላል። እኛ ዛሬ በፊታቸው የምንናገረው የሆነውን ብቻ ነው፤ አደራቸውም ይኸው ነበር።

ክብርት አምባሳደር ከጀልባ ቀዛፊ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ በሐይቁ ዳር ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ተወለዱ። ለቤቱ ሁለተኛ ልጅ ነበሩ። የስፌት መኪናው በመስኮቱ ሥር፣ ከአልጋቸው አጠገብ ስለነበር በሕፃንነታቸው የሚተኙት በእሱ ድምፅ ነው። ድምፁ ሲቆም ነቅተው ያለቅሳሉ። እናታቸውም ክሩን እየቀየሩ “ይህች ልጅ ዝምታ አይስማማትም” ይሉ ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ገቡ። አንድ ቀን የጂኦግራፊ መምህሩ ካርታ ሰቅለው ጎረቤታችን የሆነችውን ትልቋን አገር ሲያሳዩ አውራ ጣታቸው የኛን አገር ሙሉ በሙሉ ሸፈናት። እህታችን ከኋላ ወንበር ተነሥተው “መምህር፣ ጣትዎን ያንሡልን፣ እኛ ከሥር ነን” አሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ለዚች ንግግር በር ላይ ተንበርክከው ዋሉ፤ ከዚያ ወዲያም “ጣት አንሡ” የሚል ቅጽል ስም ወጣላቸው። አባታቸው ይህን ሲሰሙ ተቆጡ ብላችሁ እንዳታስቡ። የጀልባቸውን ጎን ቀለም ሲቀቡ ስሟን “ጣት አንሡ” ብለው ጻፉባት።

ትምህርታቸውን በጥሩ ውጤት ጨርሰው በሃያ ሦስት ዓመታቸው በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በአስተርጓሚነት ተቀጠሩ። በክፍሉ ሴት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ወደ ስብሰባ የገባ እንግዳ ሁሉ ዞር ብሎ “እህት፣ አንድ ሻይ” ይላቸዋል። እሳቸውም ፈገግ ብለው “እግዜር ይስጥልኝ፣ ለኔም አንድ ይሁንልኝ” ብለው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ዓመት ሳይሞላ ሻይ የሚጠይቃቸው ጠፋ።

በሃያ ስምንት ዓመታቸው የሰዓት ጠጋኝ የሆኑትን ባለቤታቸውን አገቡ፤ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅም ወለዱ። ባለቤታቸው የመሥሪያ ዕቃቸውን በትንሽ ሻንጣ ይዘው በሄዱበት አገር ሁሉ ተከትለዋቸዋል። ግብዣ ላይ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የባለቤታቸውን እጅ እየጨበጠ “ክቡር አምባሳደር” ሲላቸው፣ “አምባሳደሯ እሷ ናት፣ እኔ ካፖርቷን ነው የያዝኩት” ይሉ ነበር።

በአርባ አንድ ዓመታቸው አምባሳደር ሆነው ተሾሙ። ኤምባሲ ሲባል ትልቅ ግቢና ዘበኛ እንዳይመስላችሁ። ከአንድ ልብስ እጥበት ቤት በላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ነበሩ። እንፋሎቱ በወለሉ ስለሚወጣ ወረቀቱ ሁሉ ይረጥባል፣ የመጣ እንግዳም “አገራችሁ ሳሙና ሳሙና ትሸታለች” ይላል። እሳቸውም “ንጹሕ ስለሆንን ነው” ብለው ወንበር ይስባሉ። ሠራተኛው ሦስት ሰው ነበር፦ እሳቸው፣ ጸሐፊዋና ሾፌሩ። ሾፌሩ በር ከፋችም ነበሩ፤ እንግዳ በመኪና ካመጡ በኋላ ደረጃውን በሩጫ ቀድመው ወጥተው በሩን ይከፍቱለታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ።

በሐይቁ ዙሪያ ያሉ አገሮች የተሰበሰቡበት ጉባኤ ነበር። የቀረበው ውሳኔ የትልቋ አገር ግዙፍ የዓሣ መርከቦች በመላ ሐይቁ እንዲያጠምዱ፣ ትናንሽ ጀልባዎች ግን ከዳር እንዳይርቁ የሚል ነው። የኛ ሰው ደግሞ ያለው ትንሽ ጀልባ ነው። በዚያ ጉባኤ ደንብ አንድም አገር ከተቃወመ ውሳኔው ይወድቃል። ሰብሳቢው “ተቃውሞ አለ?” ብለው ይጠይቃሉ፤ ዝም ከተባለ መዶሻው ይመታል፣ አለቀ። መናገር የፈለገ የአገሩ ስም የተጻፈበትን ሰሌዳ ጠረጴዛው ላይ ያቆመዋል።

በዋዜማው ከአገር ቤት የበላይ አለቃቸው ስልክ ደወሉላቸው። ትልቋ አገር መንገድ ልትሠራልን ቃል ገብታለችና ነገ ምንም እንዳይናገሩ አዘዟቸው።

“ክብርት፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ሲባል ሰምተዋል?” አሏቸው።

“ሰምቻለሁ ጌታዬ። እህልም አይገባበትም” አሉ እሳቸው።

“ይህ ትእዛዝ ነው።”

“ገብቶኛል። ነገ እናገራለሁ፤ እርስዎም ከነገ ወዲያ የሚያደርጉትን ያድርጉ።”

በማግስቱ ሰብሳቢው “ተቃውሞ አለ?” ሲሉ እህታችን ሰሌዳውን አቆሙ። ወንበራቸው ከመጨረሻው ረድፍ፣ ከዓምዱ አጠገብ ነበር። ሰብሳቢው አይተው እንዳላዩ ሆነው መዶሻውን አነሡ። እሳቸውም ሰሌዳቸውን ይዘው ከወንበራቸው ተነሥተው ቆሙ።

“ክብርት ሆይ፣ ሰሌዳዎን ዝቅ ያድርጉ፣ ጉዳዩ አልቋል” አሉ ሰብሳቢው።

“መዶሻው እኮ ገና በእጅዎ ነው” አሉ።

ከዚያ የተናገሩት አጭር ነበር። “ትንሽ አገር ነን፤ ይህን ማንም እንዲነግረን አያሻም። ትንሽ መሆናችን ግን እሺ ማለታችን አይደለም። በዚያ ውሃ ላይ ልጅ ያሳደገ ሰው ሳይጠየቅ ውሃው አይሰጥም። እንቃወማለን።” ውሳኔው ወደቀ።

በሳምንቱ ተባረሩ። ጡረታ አልወጡም፣ አልታመሙም፣ በፈቃዳቸውም አልለቀቁም። የተባረሩትም ትእዛዝ ጥሰው ነው፤ ይህንን ራሳቸው አልካዱም፣ እኛም አንክድም።

ሲመለሱ ከአውሮፕላን ማረፊያ የሚቀበላቸው የመንግሥት መኪና አልነበረም። ነገሩን የሰሙ ጀልበኞች ግን ዓሣ የሚጭኑበትን መኪና ይዘው መጥተው ነበር። እሳቸው በክት ልብሳቸው ከሾፌሩ ጎን፣ ባለቤታቸው ከሻንጣው ጋር ከኋላ ተጭነው ገቡ። ከመኪናው ሲወርዱ “ዘንድሮ አጃቢ አላነሰኝም” ብለው አሳቁን፤ እኛ ግን ልናለቅስ ነበር የተዘጋጀነው።

ከዚያ በኋላ ሳሎናቸውን ትምህርት ቤት አደረጉት። ወጣት ሴቶች እየመጡ በጉባኤ ፊት መናገር ይለማመዱ ነበር። አንዷ “ይቅርታ፣ አልስማማም” ካለች፣ “ይቅርታዋን መልሰሽ ቦርሳሽ ውስጥ ክተቻት፤ እንደገና” ይሏታል። ከነዚያ መካከል ሁለቱ ዛሬ አምባሳደሮች ናቸው፤ እዚሁ ከመካከላችሁ ተቀምጠዋል።

ዓመታት ሲያልፉ ሌሎች ሐይቆች ሲራቆቱ የኛ ዓሣ ሳይጠፋ ቀረ። ያን ጊዜ መሥሪያ ቤቱ “በክብር ጡረታ ለወጡ” የሚል ሜዳሊያ አዘጋጀላቸው። እሳቸውም “ሜዳሊያው ቆንጆ ነው፣ ታሪኩ ግን የኔ አይደለም” ብለው መለሱት።

የኩላሊት ሕመም ጸንቶባቸው ሆስፒታል በተኙ ጊዜ ከመሥሪያ ቤቱ አንድ ሰው መጡ። ታላቅ እህታቸውን ወደ ኮሪደሩ ጠርተው በሹክሹክታ፣ በሕይወት ታሪካቸው ላይ “በጡረታ ተሰናበቱ” ከተባለ ሣጥናቸው በሰንደቅ ዓላማ እንደሚሸፈን ነገሯቸው። ከአልጋው ድምፅ መጣ፦ “እታለም፣ ኩላሊቴ ነው እንጂ ጆሮዬ አልታመመም። ሰንደቁን ይዘው ይሂዱ። ያቺን ባንዲራ በቁሜ ተሸክሜያታለሁ፤ ተኝቼ በውሸት አልለብሳትም። ተባረረች ብለሽ ጻፊ።”

ስለዚህ ዛሬ ሣጥኑን ራቁቱን ስታዩ ረስተነው አይደለም፤ የተነፈጋቸውም የለም። እሳቸው እንቢ ብለው ነው።

ክብርት አምባሳደር ባለፈው ማክሰኞ ከቀትር በኋላ፣ በተወለዱ በሰባ አራት ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ባሉበት ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ አዋላጅ ነርስ ሴት ልጃቸውን፣ የጀልባ ሞተር መካኒክ ወንድ ልጃቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና ታላቅ እህታቸውን ትተውልናል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከፊት ረድፍ ያስቀምጥልን፤ ለቀረነውም ከድፍረታቸው ያካፍለን።

እናንተም የኛ ወገኖች፣ ነገ ልጆቻችሁ “እኚያ ሴት ከሥራ እንዴት ወጡ?” ብለው ቢጠይቋችሁ፣ ሐዘናችንን አይታችሁ ነገሩን አታሳምሩት። ተባረሩ በሏቸው። ከዚያም ወደ ሐይቁ ይዛችኋቸው ውረዱና ጀልባዎቹ እስከየት ድረስ እንደሚሄዱ አሳዩአቸው። አደራ፣ እንዲህ አድርጋችሁ አስታውሱልን።