ያደሳ ለብቻው የሠራው ሙዚቃ

ለውድ አክስቴ ለእትዬ ገበያነሽ፣ ጅማ ይድረስ።

እንዴት ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኛ ከኮልፌ፣ ለአምላካችን ምስጋና ይግባውና፣ አለን።

ወንድሜ ያደሳ ከነሰብስቤ የሙዚቃ ባንድ ሳይወጣ ለብቻው አልበም ሠራ። "ኤሌክትሮ ኢንዱስትሪያል ይባላል" አለኝ። ዓለም ባንክ ሰፈር ካሉት ብየዳ ቤቶች የመዶሻና የብረት መቁረጫ ድምፅ ይቀዳና በኮምፒውተር ያቀናብረዋል። ጎረቤቶች "ቤት እያሠራችሁ ነው እንዴ?" ይሉናል።

እሑድ አስደመጠኝ። በብረቱ መሃል የእጮኛው የሰብሌ ድምፅ አለ። ነፍሷን ይማርና፣ ልምምድ ላይ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" ስትል የተቀዳ ነው። ከሦስት በኋላ ግን ዘፈኑ አይጀምርም፤ መዶሻው ብቻ ይቀጠቅጣል።

"ለምን አንተ አትዘፍንበትም?" አልኩት።

"የምትዘፍነው እኮ እሷ ነበረች" አለኝ። እኔ አለቀስኩ፤ እሱ አላለቀሰም።

አሁን ሥራው ስላለቀ እንደ ድሮው ይስቃል። ኪቦርዱን ለሰብስቤ፣ ወፍራሙን ጃኬቱን ደግሞ ለሰፈሩ ዘበኛ ሰጠ። "ክረምቱ መጣ እኮ፣ ምን ልትለብስ ነው?" ብዬ ብጠይቀው ግንባሬን ሳመኝ።

እኔም ፍራሼን አውጥቼ ከእሱ ክፍል በር አጠገብ እተኛለሁ። ለእሱ የእኔ ክፍል ይበርዳል አልኩት እንጂ፣ ሌሊት ሲነሣ እንድሰማው ነው።

እትዬ፣ ለመስቀል እመጣለሁ ብለውን ነበር። ያደሳን ያሳደጉት እርስዎ ነዎት፤ ከቃልዎ አይወጣም። እባክዎ መስቀልን አይጠብቁ፤ ይህ እንደደረሰዎት ይሳፈሩ። መናኸሪያ ድረስ ወጥተን እንቀበልዎታለን፤ ሁለታችንም።

ጉልበትዎን የምትስም፣
ኢሊሊ