ቂብላ ያልሆነው ቀስት

ለክቡር አቶ ኃይለ ልዑል
የተቋማት የእሳትና የኤሌክትሪክ ደኅንነት ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ እሳት ቢነሳ ባለቤቴን በየት በኩል እንደማወጣት እንዲገለጽልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

የሎጊያ አቧራና የሸለቆው ሙቀት ሳይደርስብዎ በቀዝቃዛው ቢሮዎ ውስጥ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎም የሰላም እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። የእኔን ጤና ቢጠይቁኝ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ብቻ ይህን የምጽፍልዎ ከሆስፒታል ኮሪደር ሆኜ ስለሆነና በየመሃሉም እየተነሳሁ ሶኬት ስለምዳስስ፣ ሐሳቤ ወዲያ ወዲህ ቢል ይቅርታዎ አይለየኝ።

ማን እንደሆንኩ ላስታውስዎ። ሎጊያ ላይ ሾፌሮች የሚያርፉባት አነስተኛ ሆቴል ያለችኝ የወሎ ሰው ነኝ። ባለፈው ዓመት ባለሙያዎችዎ መጥተው በጓሮው በር ላይ የለስላሳ ሳጥን ተደርድሮ ስላገኙ ሆቴሌን አሸጉብኝ። እሳት ቢነሳ እንግዶችህ በየት ይወጣሉ ብለውም ጠየቁኝ። ያን ጊዜ ተናድጄ ነበር፤ ዛሬ ግን እጅ ነስቼ አመሰግናለሁ፤ ከዚያ ወዲህ የትም ስገባ አስቀድሜ የምፈልገው የኋላ በር ሆኗልና። ይህን ዓመል ያስያዙኝ እርስዎ ስለሆኑ የሚከተለውም ሁሉ የእርስዎ የትምህርት ውጤት ነው።

ባለቤቴ ኑርሀያት እርጉዝ ናት። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ፅንስ ስለወረደባት፣ ሐኪሟ እስክትወልድ ድረስ ለመጸዳጃ እንኳ ከአልጋ እንዳትወርድ አዞ አስተኝቷታል። ሆስፒታሉን ለክብርዎ ስል በስሙ አልጠራውም፤ የምስክር ወረቀት የሰጡት እርስዎ ስለሆኑ ያውቁታል። አቤቱታዬን እንደ ደንቡ በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ቀስቱ። በእናቶች ክፍል ኮሪደር ግድግዳ ላይ አረንጓዴ ቀስት ተለጥፏል። ከጎኑ የነበረው ሥዕልና ጽሑፍ ተልጦ ወድቆ ቀስቱ ብቻ ቀርቷል። ኮሪደሩ መስኮት ስለሌለው ፀሐይዋ በየት እንዳለች አይታወቅም። እኔ ደግሞ በሆቴሌ ኮርኒስ ላይ የስግደት አቅጣጫ የሚያሳይ የቂብላ ቀስት ያስለጠፍኩ ሰው ነኝና፣ አስታማሚዎቹ ቂብላው ወዴት ነው ሲሉኝ በሙሉ ልብ እሱን አሳየኋቸው። ሆስፒታሉ እንዴት ቢያስብልን ነው ብለን መርቀን፣ ሁላችንም መስገጃችንን ወደዚያው አነጠፍን። በዱዓችን መሥሪያ ቤትዎንም አልረሳነውም።

ሰሞኑን ሕመምተኛ ሊጠይቁ የመጡት ሼህ አብዱሰላም ግን ነገሩ አላምር ቢላቸው ውጭ ወጥተው ፀሐይዋን አይተው ተመለሱና፣ ቂብላው በግራችን በኩል እንደሆነ ነገሩን። ደንግጠን፣ እስካሁን የሰገድነውስ እንዴት ይሆናል ብንላቸው፣ ሳታውቁ በቅን ልብ ያደረጋችሁት ስለሆነ አላህ ኒያችሁን፣ የልባችሁን ሐሳብ አይቶ ይቀበላችኋል አሉን። ሁላችንም እፎይ አልን። ልጇን የምታስታምመው የአፋሯ እናት ሀምዳ ብቻ ቀስቱን ትኩር ብላ ስታይ ቆየችና፣

"እና ይሄ ወዴት ነው የሚወስደው?" አለች።

ተከትለነው ሄድን። ከመጋረጃ ጀርባ በር አገኘን፤ የአደጋ ጊዜ መውጫው ይኸው ኖሯል። ስንገፋው አንድ ስንዝር ያህል ተከፍቶ ቆመ። አጮልቀን ብናይ ከበሩ ውጭ እስከ ጣሪያው ካርቶን ተደርድሯል፤ በካርቶኖቹ ላይ የእሳት ማጥፊያ ሥዕል አለ። የክፍሉ ነርስ ሲስተር አስረሳች እንዳስረዳችን፣ ማጥፊያዎቹ ለሆስፒታሉ የመጡ ናቸው፤ ነገር ግን ርክክብ አልተፈጸመም። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ አቶ ቢያድግልኝ ሥልጠና ላይ ስለሆኑ፣ እሳቸው ሳይፈርሙ ካርቶን የነካ ሰው በንብረት ማጉደል ይጠየቃል። የምን ሥልጠና ነው ብላት፣ የእሳት አደጋ መከላከል ነው አለችኝ። የምታሾፍ መስሎኝ ፊቷን አየሁት፤ አላሾፈችም።

ክቡር ሆይ፣ እኔ በር ላይ የነበረው ለስላሳ ቢያንስ ይጠጣ ነበር። ደግሞም አላህ በኒያችን ተቀብሎን ይሆናል፤ እሳት ግን ኒያ አይቶ የሚምር አይመስለኝም።

፪ኛ. ስለ ኤሌክትሪኩ። የክፍሉ ኤሲ ከተበላሸ ቆይቷል። በዚህ ሙቀት ነፍሰ ጡር ያለ አየር ስለማትተኛ፣ ሁሉም ቬንትሌተሩን ከየቤቱ አምጥቷል። የሚሠራው ሶኬት ግን በኑርሀያት ራስጌ ያለው ብቻ ነው። እሱ ላይ ማከፋፈያ ተሰክቷል፤ በማከፋፈያው ላይ ሌላ ማከፋፈያ፤ በዚያ ላይ ቬንትሌተሩ፣ ቻርጀሩ፣ የሻይ ማፍያው ሁሉ ተንጠልጥሏል። መጀመሪያ ላይ ብሬከሩ እየወደቀ መብራት ያጠፋብን ነበር። አቤት ብንል አንድ ሰው ተልኮ መጣና ብሬከሩን ትቶ በሽቦ ቀጥታ አገናኘው፤ ከዚያ ወዲህ ጠፍቶ አያውቅም። ለዚህ ፈጣን ምላሽ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ጥንቃቄውም አልተዘነጋም፤ በሶኬቱ አናት ላይ፣ ከአንድ ዕቃ በላይ መሰካት በጥብቅ የተከለከለ መሆኑን የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ወረቀት ተለጥፏል። የወረቀቱ ጠርዝ ከሶኬቱ ሙቀት የተነሳ እንደ ዳቦ ቅርፊት ቡናማ ሆኗል።

፫ኛ. ስለ ምስክር ወረቀቱ። የቀረን መንገድ ዋናው በር ነው፤ እዚያ ለመድረስ በኤሌክትሪክ ሳጥኑ አጠገብ ማለፍ ግድ ነው። የሳጥኑ ክዳን የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። የተራቆተውን ሽቦ እንግዳ እንዳያየው አንድ አሳቢ ሰው የእርስዎን ምስክር ወረቀት ከነእንጨት ፍሬሙ ሰቅሎበታል። ሕንፃው የእሳትና የኤሌክትሪክ ደኅንነት መስፈርቶችን ማሟላቱን ይገልጻል፤ ፊርማዎም በጣም ያምራል። ከመሥሪያ ቤትዎ የወጣ ወረቀት እንዲህ ሥራ ላይ ሲውል ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

፬ኛ. አራተኛም ነበረኝ። ሶኬቱን ዳስሼ ስመለስ ጠፋብኝ።

ሶኬቱ ይሞቃል። ኑርሀያት ምነው አንድ ቦታ አትቀመጥም፣ ሰው ታዘበን እኮ ትለኛለች፤ እኔም ሙቀቱ ነው እላታለሁ። ለእርስዎ ግን እውነቱን ልንገርዎ፤ ፈርቻለሁ። ተነስታ መሮጥ የማትችል ሴት አጠገብ ቁጭ ብዬ፣ በአንዱ በር ካርቶን፣ በሌላው በር የእርስዎን ፊርማ እያየሁ፣ ምን እንደማደርግ ጠፍቶኛል። ስለዚህ እንደ እኔ ሆቴል ይታሸግ አልልም፤ ሕመምተኛ የት ይሄዳል። የምለምንዎ ካርቶኖቹን አስነስተው በሩን እንዲያስከፍቱልን፣ ሽቦውንም እንዲያስተካክሉልን ብቻ ነው። ይህ ከሥልጣንዎ በላይ ከሆነም፣ በየት እንደማወጣት በደብዳቤ ያሳውቁኝ፤ ወረቀት ላይ እንደማይታሙ አውቃለሁና።

ወንበርዎ የጸና፣ ኤሲዎ የማይበላሽ፣ የቢሮዎም በር ሁልጊዜ በሁለቱም በኩል የሚከፈት እንዲሆን እየተመኘሁ፣ የትምህርትዎን ውለታ የማልረሳ፣ ለእርስዎ ካለኝ አክብሮት የተነሳ እንቅልፍ ያጣሁ፣

አብዱናሲር ይመር
ባለ ሆቴል፣ ለጊዜው አስታማሚ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ሳልልክ፣ ዛሬ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ሶኬቱ ተቀጣጠለ። ሲስተር አስረሳች አልጋውን ከነኑርሀያት ከግድግዳው ጎትታ አራቀችው። ሀምዳ ወደ ኋላው በር ሮጣ፣ ክንዷን በስንዝሯ ክፍተት አሾልካ፣ ካርቶን ቀድዳ አንድ ማጥፊያ አወጣችልኝ፤ እኔም እሳቱ ላይ ረጭቼ አጠፋሁት። ክፍሉ በነጭ ዱቄት ተሞላ እንጂ ሰው አልተጎዳም። ኑርሀያት ከአልጋዋ አልወረደችም፤ ሐኪሙም የልጃችንን ልብ አዳምጦ ደህና ነው ብሎናል። አቶ ቢያድግልኝም ጉዳዩ በስልክ ሲነገራቸው ሥልጠናቸውን አቋርጠው ደረሱ፤ ካርቶኖቹን ቆጥረው አንድ መጉደሉን አረጋገጡና በስሜ አስፈረሙኝ። ስለሆነም ለመዝገብዎ እንዲያመች ላሳውቅዎ፤ በዚህ ሕንፃ ውስጥ ርክክብ የተፈጸመበት የእሳት ማጥፊያ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ባዶ ነው።