ሞተሩ ሳይሟሽ የቀየርሁት ዘይት

ይድረስ ለውድ እህቴ ለመዓዛ ቢሆነኝ፤
አዳማ።

እታለም፣ እንዴት ከርመሻል? እንዴትስ ሰንብተሻል? ወገብሽን ያምሽ የነበረው ተሻለሽ ወይ? መኪና ሥር ተኝተሽ መዋሉንስ ቀነስሽ? ባልሽ እንዳልካቸው፣ ልጅሽ መስከረም እንዴት ናቸው? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ ገብሱም ተወቅቶ ገብቷል። እኔ ግን ደኅና ነኝ ብል ውሸት ይሆንብኛል። ይህቺን ስጽፍ እንኳ ሦስት ጊዜ ተነሥቼ መኪናውን አይቼ ተመልሻለሁ።

ባለፈው በስልክ «ዘይቱን ቀየርህ ወይ?» ስትይኝ «ገና ነኝ» ያልሁሽ ዋሽቼ ነው። ድምፅሽን እየሰማሁ እውነቱ ከአፌ አልወጣ ስላለኝ ይኸው በወረቀት አደረግሁት።

አዲሱን የጭነት መኪና ይዤ ከአዳማ ስነሣ ያልሽኝን አልረሳሁም። «አዲስ ሞተር እንደ ሸክላ ይሟሻል። ፒስተኑ ላይ ያለው ፋሻ፣ ያ የብረት ቀለበት፣ ከሲሊንደሩ ጋር እስኪላመድ አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር በተራው ዘይት ሂድ፤ ሲንቴቲክ የሚሉት ውዱ ዘይት ከዚያ በኋላ ነው፤ የመኪናው መመሪያም የሚለው ይኼንኑ ነው» ብለሽኛል። እኔም እሺ ብዬ ነበር። ሺህ አንድ መቶ ላይ ስደርስ ግን መካነ ኢየሱስ መኪና ማቆሚያው ላይ ጋሼ አዳነ አገኙኝ። በዚህ መንገድ ሠላሳ ዓመት የነዱ ሰው ናቸው። ሞተሩን አስከፍተው አዩና «ይህን የመሰለ መኪና ተራ ዘይት ታጠጣዋለህ? ዛሬውኑ ሲንቴቲክ አድርግበት» አሉኝ። «እህቴ አምስት ሺህ ሳይሞላ እንዳትነካው ብላኛለች» አልሁ። «ዘይት የምትቀይረው ሴት አስፈቅደህ ነው?» ሲሉ የነበረው ሹፌር ሁሉ ሳቀብኝ። እታለም፣ የዚያኑ ቀን ከሰዓት ቀየርሁት።

ሁለት ሳምንት ምንም አላለም። ከዚያ ጠዋት ሳስነሣው ሰማያዊ ጭስ ያወጣ ጀመር። አርባ ኩንታል ገብስ ጭኜ የወገዳን ዳገት ስወጣማ ከኋላዬ ያለው መንገድ አይታየኝም። የዘይት መለኪያውን ዘንግ በነከርሁ ቁጥር ዘይቱ ወርዶ አገኘዋለሁ። መቀመጥ አቃተኝ፤ ቅዳሴ እንኳ እያቋረጥሁ መኪናውን ላይ እወጣ ጀመር።

አንድ እሑድ አባባ ከቅዳሴ ሲወጡ ጠሩኝ። «እኔ መቅደስ ቆሜ አንተ ሦስት ጊዜ እየወጣህ የምትገባው ምን ሆነህ ነው?» አሉኝ። ሁሉንም ነገርኋቸው። ጋራዥ ሥራ የገባሽ ጊዜ እንዴት እንደሆኑ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ሰው ስለ አንቺ ሲጠይቃቸው ወሬ ይቀይሩ ነበር። አሁን ግን «የምታውቅ እህትህን ትተህ የሚስቁትን ሰማህ። እኔም ያኔ ያደረግሁት ይህንኑ ነው» አሉ። በማግስቱ ጋቢያቸውን ደርበው መኪናው ውስጥ ከጎኔ ተቀመጡ። መካነ ኢየሱስ ስንደርስ ጋሼ አዳነ የአባባን መስቀል ሊሳለሙ መጡ። አባባ አሳለሟቸውና፣ ሹፌሩ ሁሉ እየሰማ፣ «የሞተር ነገር የምታውቀው ልጄ መዓዛ ናት። ይህ ዘይት ይፍሰስ» አሉ። የሳቀ ሰው የለም። እዚያው አፍስሼ ተራውን ሞላሁበት።

ከዚያ ወዲህ ጭሱ ቀንሷል፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም። አሁን ሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ላይ ነኝ። አንድ ነገር ንገሪኝ፦ አምስት ሺውን መኪናው ከፋብሪካ ከወጣበት ልቁጠር ወይስ ተራውን ከመለስሁበት ቀን? ፋሻው ተበላሽቶ እንደሆነም አትደብቂኝ። ቆጣሪውን ባየሁ ቁጥር እጄን ይበላኛል፤ ግን ካንቺ ቃል ሳይመጣ የዘይቱን ክዳን አልነካም። ስለዋሸሁሽም ይቅር በይኝ።

እንዳልካቸውን ሰላም በይልኝ፤ መስከረምን ሳሚልኝ። እናታችን ጌጤ «ወገቧን ትጠንቀቅ» ብላለች። ታናሻችን ሃይማኖት ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች፤ እጅ ነሥታለች። አባባ እግዚአብሔር ይፍታሽ ብለዋል። ደብዳቤውን ላጥፈው ስል ደግሞ መልሰው አስከፈቱኝና ይህን ጨምር አሉኝ፦ «ለፋሲካ ትምጣ። የሥራ ልብሷንም ይዛ ትምጣ።»

ወንድምሽ ክንዴ ቢሆነኝ
ወገዳ፣ ስማዳ
የካቲት 9 ቀን 2015 ዓ.ም.