የምትዘገየዋን ጣትህን ማን አርም አለው?

አያሌው ዓለሜ፣

ከተለየኸኝ ወዲህ ሰሊጡ ሁለተኛ ታጭዶ ገባ። ሙት ዓመትህም ወጣ። ሰው ሁሉ ጊዜ ያበርደዋል ይለኛል፤ እኔ ግን ዛሬም እንደተናደድኩ ነው፤ በአንተም፣ በጓደኛህ በጌታሁንም። ለሞተ ሰው በቁጣ አይጻፍም የሚል ካለ እሱ አይጻፍ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። የበረንዳውን እንጨት ምስጥ ስለበላው አስቀየርኩት። እናትህ ከጎጃም መጥተው አብረውኝ ከርመዋል፤ የገንዳ ውሃ ከተማን ሙቀት ሲረግሙ ይውላሉ፣ ግን ትቼሽ አልሄድም ብለዋል። ኦርጋንህ ጨርቁን እንደለበሰ ያው ጥግ ላይ ነው። እህትህ ብርቱካን የወንድሜ ሙት ዓመት ሳይወጣ አልዳርም ብላ ቆይታ ባለፈው እሁድ ተዳረች። ቁጣዬም የመጣው ከዚሁ ሠርግ ነው።

ያን ሁሉ የውጭ የፍቅር ዘፈን እንዴት ትፈታታው እንደነበር ታስታውሳለህ? ሶፍት ሮክ ነው ትለኛለህ፤ ለእኔ ቀስ ያለ እንጉርጉሮ ነበር። የሚዲውን ፋይል ላፕቶፑ ላይ ትከፍትና ድራሙን ዝም ታሰኘዋለህ፣ ጊታሩን ዝም ታሰኘዋለህ፣ ቤዙን ብቻ ትተህ ምሳህ እስኪቀዘቅዝ ትሰማለህ። ከዚያ እያንዳንዱን መሣሪያ ራስህ በኦርጋኑ እንደገና እየተጫወትክ ላፕቶፑ ላይ ታስቀምጠዋለህ። ሚዲ ድምፅ አይዝም፤ የሚይዘው የትኛው ቁልፍ፣ መቼ፣ በምን ያህል ጉልበት እንደተነካ ነው ብለህ ያስረዳኸኝ አንተ ነህ። ድምፅህ ባይኖርም እጅህ አለበት ማለት ነው።

የግራ ትንሿ ጣትህ፣ ለሰሊጥ አጨዳ እዚህ የመጣህ ጊዜ ማጭድ ካገኛት ወዲህ አትታዘዝህም ነበር። ቤዙን ስትጫወት ሁልጊዜ ትንሽ ትዘገያለች። ሽንፋ ከተማ አንድ ሠርግ ላይ አንዱ ቢያሾፍብህ፣ ፍቅር የያዘው ሰው ምን ያስቸኩለዋል ብለህ አፉን አስያዝከው። እኔ ከመንገድ ማዶ ሆኜ እንኳ የምትጫወተው አንተ መሆንህን የማውቀው በዚያች መዘግየት ነበር።

ጌታሁን ለብርቱካን ሠርግ ልዘጋጅበት ብሎ ላፕቶፑን ወሰደ። ምን ብዬ እከለክለዋለሁ፣ ከአንተ ጋር ስንት ሠርግ የሠራ ሰው ነው። መልሶ ሲያመጣው ፊቱ በርቷል። ቤዙ ሁሉ ይጎተት ነበር፣ አንድም ሳላስቀር ምቱ ላይ ቀጥ አድርጌልሻለሁ አለኝ። በድሮው ላይ ሴቭ አድርጎታል! ከፍቼ ሰማሁት። ልክ ነው፤ ሁሉም ልክ ነው፤ አንተ ግን የለህበትም። ሁለተኛ ቀበረህ። ጎረቤት እስኪወጣ ጮኽኩበት። እሱ ግን ምን እንዳጠፋ ዛሬም አልገባውም፤ ስህተት ስላረመልኝ ምስጋና ይጠብቅ ነበር።

ለአንተም አለኝ። ምን ነበር አንድ ቅጂ ብታስቀምጥ? ወባው እያንቀጠቀጠህ፣ ጤና ጣቢያ እንሂድ ብዬ እየለመንኩህ፣ የዘፈኗን መዝጊያ ልጨርስና ትለኛለህ? ዘፈኑ ይቆይህ ነበር። ማንም አይወስድብህም ነበር። ያን ቀን ኦርጋኑን ነቅዬ ውጭ መጣል ነበረብኝ።

ያቺ ያልጨረስካት ዘፈን ብቻ ተረፈች፤ ኦርጋኑ ላይ እንደተሰካ በቀረው ፍላሽ ውስጥ። አንቺ ትዘፍኛታለሽ ብለህ የዜማውን መስመር ባዶ የተውክልኝ እሷ ናት። ጌታሁን እሷንም ስጪኝና ላስተካክላት፣ ባዶው ላይ ሳክስፎን ላግባበት አለ። እጅህን ሰብስብ አልኩት።

ለሠርጉ ፍላሹን መቀነቴ ላይ ቋጥሬ ሄድኩ። ራሴ የጌታሁን ኦርጋን ላይ ሰካሁት፣ ማይኩንም ያዝኩ። እንግሊዝኛዬን ታውቀዋለህ፤ ግማሹን ፈጥሬ ነው የዘፈንኩት። ቤዙ መዘግየት ሲጀምር ጌታሁን አላስችለው ብሎ ወደ ኦርጋኑ እጁን ሰደደ፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እጁን መታሁት። ሙሽራዋ ሳትቀር ሳቀች። እናትህ ግን አልሳቁም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ይኼማ የልጄ እጅ ነው አሉ። እሳቸው ሚዲ የሚባል ነገር መኖሩንም አያውቁም።

መዝጊያ አላበጀህላትም። ኦርጋኑ መሀል ላይ ድንገት ዝም ሲል ድንኳኑ ውስጥ የእኔ ድምፅ ብቻውን ቀረ። በሕይወቴ በአንተ ላይ እንደዚያን ሰዓት ተናድጄ አላውቅም። ግን አላቋረጥኩም፤ እስከ መጨረሻው ዘፈንኳት።

አሁን ጌታሁን መዝጊያውን እኔ ልሥራላት እያለ ይመላለሳል። እምቢ ብያለሁ። በዘፈንኳት ቁጥር እዚያች ጥለኸኝ የሄድክባት ቦታ ላይ ስደርስ አስታውስሃለሁ፤ እናደድብሃለሁም፤ የቀረውን ደግሞ ብቻዬን እዘፍነዋለሁ።

ባለቤትህ፣
የሺ