ዓሣ ያልያዘው ዝንብህ

ወዳጄ ልብስ ሰፊው፣ እንዴት ሰነበትክ?

ዓሣ እንዲያታልል መንጠቆ ላይ ከዶሮ ላባና ከቀይ ክር የሠራህልኝን ዝንብ ዛሬ ወንዝ ወርደን ሞከርነው። ትራውት የሚባሉት ዓሦች ቀረብ ብለው አዩትና ጥለውት ሄዱ፤ ስፌትህን ሳያውቁት አልቀሩም።

ወንዙ እንደ ሰፈራችን ቧንቧ ነው። ላይ ያለው ግድብ ሲዘጋ ውሃው ከጉልበት አያልፍም፣ ሲከፈት ግን ሰው ይወስዳል። ማጥመድ የምታስተምረኝ ሴትዮ ዝንብህን እየወረወረች ሳለ የግድቡ ጡሩምባ ጮኸ። «ውሃ መጣ!» አለች። ሰው ሁሉ ወደ ዳር ሲሸሽ እኔ ሆዬ፣ ሰፈር እንደለመድኩት ወደ ውሃው ሮጥኩ። ጀሪካን ብቻ ነበር የጎደለኝ። ደግነቱ ዝንብህ ኮሌታዬ ላይ ተሰክቶ ያዘኝ። ደንግጬ ቆም ስል ሴትዮዋ እጄን ይዛ እየጎተተች አወጣችኝ። «ዛሬ የያዝኩት ትልቁ አንተ ነህ» ብላ ስትስቅ ዋለች።

ክርህ አልተበጠሰም፤ አመሰግናለሁ። የሰፋህልኝ ሱሪ ግን ዳር ስወጣ ከኋላ ተተርትሮ አለቀ።

ፖስትካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። እማማን ሳምልኝ፣ ይሄን ካርድ ግን እንዳታሳያት። ልጆቹንም ሰላም በልልኝ። ስመጣ ሌላ ሱሪ ትሰፋልኛለህ፤ በዝንቡ ክር።